ከልስን በፊት፦ የቤታችሁን ሶኬት ብዛትና ቦታ አወሳሰን

ብሎኬቱ ቆሞ ጣሪያው ሲመታ ስልኬ ይጮኻል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ለአንድ ክፍል ስንት ሶኬት ይበቃል?» ኤሌክትሪሺያኑ በፖይንት (በሚገጥመው በእያንዳንዱ ነጥብ) ስለሚያስከፍል ባለቤቱ ቁጥሩን ቶሎ ማወቅ ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው እኔ ዘንድ ሲደርስ ለሳሎን ሁለት፣ ለመኝታ አንድ፣ ለኩሽና አንድ ብሎ በልቡ ጨርሷል። ከዓመት በኋላ ያ ቤት ውስጥ ስትገቡ ከሶፋ ሥር የተዘረጋ ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር፣ በር ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ታገኛላችሁ።

ሶኬት በክፍል ቁጥር አይታሰብም። የሚታሰበው በሚሰካው ዕቃና ዕቃው በሚቆምበት ቦታ ነው። ከታች ያለው አሠራር ይህን ደረጃ በደረጃ ያሳያችኋል። ሥራው ልስን ከመመታቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ሶኬት ግድግዳ መቦርቦር፣ መልሶ መለሰንና ቀለም መቀባት ያስከትላል።

አንድ ማሳሰቢያ አስቀድሜ ልስጥ። የእናንተ ድርሻ የሚያበቃው ጠመኔ ላይ ነው። ሽቦ መሳብ፣ ማገናኘትና ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ኃይሉን የሚቆርጠውን ማጥፊያ) ማሰር ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የቤቱ ፕላን፣ ሁለት ወይም ሦስት ኮፒ። ፕላን ከሌላችሁ ክፍሎቹን ለክታችሁ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሳሉ፤ የቤቱን 1 ሜትር በ2 ሳንቲ ሜትር ብትስሉት ይመቻል።
- ቢያንስ 5 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር
- ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ
- ጠመኔ
- ውሃ ልክ
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- አሁን ያላችሁና በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ልትገዙ ያሰባችሁት የኤሌክትሪክ ዕቃ ዝርዝር፣ ከነዋቱ። ዋቱ ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል።

1. የቤተሰቡን የአንድ ቀን ውሎ ጻፉ

ጠዋት ስልኩ ከየት ይነቀላል? ልብስ የሚተኮሰው የት ነው? ልጆቹ የሚያጠኑት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው ወይስ መኝታቸው ውስጥ? ቡና የሚፈላው ሳሎን ነው ወይስ በረንዳ? ለእያንዳንዱ መልስ ዕቃውንና ቦታውን ጻፉ።

ይህን ዝርዝር ቤቱን የሚያሠራው ሰው ብቻውን ባይጽፈው ይሻላል። ሳይቱ ላይ የሚውለው ሰውና ምጣድ ዳር የሚቆመው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። እንጀራ የሚጋግረው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ የሚያጠናው ልጅ፣ አብረዋችሁ የሚኖሩ እናት ወይም አባት ካሉ እነሱም ይጠየቁ። በኋላ «እዚህ ጋ እኮ ሶኬት ያስፈልግ ነበር» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ካልተጠየቀው ሰው ነው።

2. የቤት ዕቃውን ፕላኑ ላይ አስቀምጡ

አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ምግብ ጠረጴዛ፣ ፍሪጅ ሁሉም በልካቸው ፕላኑ ላይ ይሳሉ። አልጋውን ስትስሉ ስፋቱን እርግጠኛ ሁኑ፤ ባለ 1.50 እና ባለ 1.80 ሜትር አልጋ የራስጌ ሶኬታቸው አንድ ቦታ አያርፍም። በሮች ወዴት እንደሚከፈቱም አሳዩ፤ ከተከፈተ በር ኋላ የገባ ሶኬት እንደሌለ ቁጠሩት።

ይህን ደረጃ መዝለል ምን እንደሚያስከትል አንድ ቤት አይቻለሁ። ሁለቱም መኝታ ቤት ውስጥ ሶኬቱ መሐል ግድግዳ ላይ ተተክሎ ነበር። ቁም ሳጥኑ ገብቶ ሲቆም ሶኬቶቹ ሙሉ በሙሉ ተሸፈኑ። ባለቤቶቹ ያላቸው ምርጫ ቁም ሳጥኑን ከጀርባው መብሳት ወይም ከኮሪደር ገመድ መሳብ ብቻ ሆነ።

3. ቀዳዳ ቁጠሩ

አሁን በየቦታው የሚሰካውን ቁጠሩና በዚያ ላይ አንድ ቀዳዳ ጨምሩ። ቴሌቪዥኑ ጋ ቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የዋይፋይ ራውተርና ስፒከር ካሉ አራት ናቸው፤ አንድ ስትጨምሩ አምስት። ሁለት ደብል ሶኬት አራት ቀዳዳ ስለሚሰጥ አምስተኛውን ለማግኘት ሦስተኛ ደብል ትጨምራላችሁ፣ ወይም ራውተሩን ወደ ሌላ ግድግዳ ታዛውራላችሁ።

ሲንግል ሶኬት የሚበቃው ቦታውን ለማይለቅ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ለፍሪጅ፣ ለልብስ ማጠቢያ። በቀረው ሁሉ ደብል አስገቡ። ቦርቡሮ ቱቦ የመቅበሩ፣ ስካቶላ (ሶኬቱ የሚቀመጥበትን ሳጥን) የመትከሉና ሽቦ የመሳቡ ድካም ለሁለቱም እኩል ነው።

በሁለት ሶኬት መካከል ያለውን ርቀትም ተመልከቱ። የአብዛኛው ዕቃ ገመድ 1.5 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ረጅም ግድግዳ ላይ በሁለት ሶኬት መካከል ከ3 ሜትር በላይ ክፍተት ካለ መሐል ላይ የሚቆመው ዕቃ ዲቫይደር ይፈልጋል። አሜሪካ የምትኖሩ ይህንኑ በሕግ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ የዚያ አገር የኤሌክትሪክ ደንብ በመኖሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ የትኛውም ነጥብ ከሶኬት ከ6 ጫማ በላይ እንዳይርቅ ያዛል። ምክንያቱ ያው የገመዱ ርዝመት ነው።

«ሶኬት ሲበዛ ቢል ይጨምራል ወይ?» ለምትሉ፦ አይጨምርም። ምንም ያልተሰካበት ሶኬት ምንም አይቆጥርም። የሚቆጥረው ዕቃው ነው፤ በዲቫይደር ሰካችሁትም በራሱ ሶኬት ያው ነው።

4. ከባድ ዕቃዎችን በቀይ ለዩ

ዋቱን ለ220 አካፍሉት፤ የምታገኙት ቁጥር አምፔሩ ነው። ተራው ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር፣ ማለትም 3,520 ዋት ነው። በዲቫይደር የሚመጣው ገመድ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ላዩ ላይ 10 አምፔር የተጻፈበት ከሆነ አቅሙ 2,200 ዋት ላይ ያበቃል።

ለግምት እንዲረዳችሁ፦

- የስልክ ቻርጀር፦ ከ5 እስከ 30 ዋት
- ቴሌቪዥን፦ ከ50 እስከ 150
- ፍሪጅ፦ ከ100 እስከ 200፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል
- የውሃ ፓምፕ፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት፦ 370 ገደማ፤ አንድ የፈረስ ጉልበት፦ 750 ገደማ
- ካውያ፦ ከ1,000 እስከ 2,400
- የውሃ ማፍያ፦ ከ1,500 እስከ 2,200
- ውሃ የሚያሞቅ ልብስ ማጠቢያ፦ 2,000 ገደማ
- ባለ ታንክ ቦይለር፦ ከ1,200 እስከ 2,000
- ሻወሩ ላይ ወዲያው የሚያሞቅ፦ ከ3,500 እስከ 5,500
- የእንጀራ ምጣድ፦ ከ3,500 እስከ 4,000

ከ1,500 ዋት በላይ የሆነውንና ከአንድ ቦታ የማይንቀሳቀሰውን ሁሉ በቀይ አክብቡ። እነዚህ የየራሳቸው መስመርና የየራሳቸው ብሬከር ይኖራቸዋል። ይህ ካልሆነ ምጣድ ላይ ሊጥ ሲሰፋ ሳሎን ውስጥ ካውያ ይሰካና ብሬከሩ ይወርዳል። ያኔ የሚሰማው ምክር «ብሬከሩን በትልቅ ቀይረው» የሚል ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን አልተቀየረም። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው።

5. የምጣዱን ቦታ ከሁሉ በፊት ወስኑ

በእኛ ቤት ትልቁ ጭነት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

4,000 ዋት ለ220 ሲካፈል ከ18 አምፔር ያልፋል። ተራው ሶኬት 16 ነው፤ ያውም ፕላጉ ጥብቅ ብሎ ሲገባ። ውሃ ማፍያ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ያርፋል። ለሳምንት የሚጋግር ቤት ግን ምጣዱን ሁለትና ሦስት ሰዓት ያቆየዋል። ሙቀቱ ፕላጉና ሶኬቱ በሚገናኙበት ቦታ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፣ ቀጥሎ ነጩ ሶኬት ይቢጫል፣ በመጨረሻ ይጠቁርና ይቀልጣል። በቤታችሁ ይህን ምልክት ያያችሁ ዛሬውኑ መጋገር አቁማችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው።

ሀ. ምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ የራሱ መስመር ይኑረው። መስመሩ አጭር ከሆነ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከባለ 25 አምፔር ብሬከር ጋር ይበቃል። ከ15 ሜትር በላይ ከሄደ፣ ለምሳሌ ምጣዱ ግቢ ውስጥ ባለው ሰርቪስ ከሆነ፣ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 32 አምፔር ብሬከር አድርጉ። ሽቦ ሲረዝምና ሲቀጥን ቮልቴጁ በመንገድ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በ19 ከመቶ ይቀንሳል። ምጣዱ በደንብ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ጥፋቱ ግን ሊጡ ላይ ይላከካል።

ለ. የመስመሩ ጫፍ ተራ ሶኬት አይሁን። ባለ 32 አምፔር፣ ፌዙንም (ኃይል አምጪውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (መላሹን) አብሮ የሚቆርጥ፣ ቀይ መብራት ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ይደረግና የምጣዱ ገመድ ከሥሩ ባለው ሳጥን ውስጥ በቀጥታ ይታሰር። ቀይ መብራቱ ምጣዱ ተረስቶ እንዳይቀር ያሳያል።

ሐ. ማብሪያ ማጥፊያው ከወለሉ 1.20 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከምጣዱ ወደ ጎን ይሁን። ከምጣዱ ኋላ ከሆነ የሚጋግረው ሰው እጁን በእንፋሎቱ ላይ አሳልፎ ነው የሚደርስበት።

መ. ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) የሌለው ምጣድ አይሰካ። የሚጋግረው ሰው እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ፣ እጁ ሊጥ ነክቶ ነው የሚሠራው፤ የምጣዱ ቅርፊት ብረት ነው። ውስጥ ያለው ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ኃይሉ ወደ መሬት የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ከሌለ በሰውየው በኩል ያልፋል።

6. የኩሽናው ቀሪ ክፍል

የሥራ ጠረጴዛው ከፍታ ብዙ ጊዜ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሶኬቱን 1.10 ሜትር ላይ አድርጉት። ከዚያ ዝቅ ካለ ሲጠረግ ውሃ ይነካዋል። ሦስት ደብል ለአብዛኛው ቤት ይበቃል፦ አንዱ ለውሃ ማፍያና ለማይክሮዌቭ፣ አንዱ ለብሌንደርና ለቡና መፍጫ፣ አንዱ ክፍት።

ከውሃ መታጠቢያው ጠርዝ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከምድጃ በላይ ምንም ሶኬት አታድርጉ፤ እንፋሎትና ዘይት ውስጡ ይገባል፣ ገመድም ትኩስ ድስት ላይ ይወድቃል። ጋዝ ሲሊንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ከሲሊንደሩ አጠገብ ዝቅ ያለ ሶኬት አይኑር። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ፕላግ ሲነቀል የሚታየው ትንሽ ብልጭታ እንኳ ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ለፍሪጁ የራሱ ሲንግል ሶኬትና የራሱ ብሬከር ስጡት፤ ሌላ ዕቃ ተበላሽቶ ብሬከር ሲያወርድ ምግቡ አብሮ እንዳይበላሽ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ለሚመጣው ቮልቴጅ መከላከያ የምታደርጉ ከሆነ ሶኬቱን ከፍሪጁ ጎን፣ የመከላከያው መብራት በሚታይበት ከፍታ አስቀምጡት። ከጀርባው ከሆነ ፍሪጁን ሳትጎትቱ አታዩትም።

7. ሳሎን

ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ አንዱን ደብል ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ 1.20 ሜትር አካባቢ አድርጉት፤ ሌላውን ከሥሩ በ40 ሳንቲ ሜትር። በሁለቱ መካከል ባዶ ቱቦ ይቀበር፤ የዲሽና የኢንተርኔት ገመድ በዚያ ያልፋል። የመረጃ ገመድ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አይገባም።

ከሶፋው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ደብል፣ ከክንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ። እንግዳ መጥቶ «ቻርጀር አላችሁ?» ሲል ወደ መኝታ ቤት መላክ አይኖርም።

የቡናውን ቦታ አትርሱ። ረከቦቱ በሚቀመጥበት፣ ቄጠማው በሚጎዘጎዝበት ጥግ አንድ ደብል ይኑር። አብዛኛው ቤት ውስጥ የቡና ማፍያው ምድጃ ገመድ በሰው መተላለፊያ ላይ ተዘርግቶ አያለሁ። ልጅ ሮጦ ገመዱን ቢነካ የፈላው ጀበና የሚገለበጠው አቅራቢያው ባለ ሰው ላይ ነው። ሶኬቱ ምድጃው ካለበት ከአንድ ሜትር በላይ አይራቅ።

8. መኝታ ቤቶች

ከአልጋው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ደብል፣ ከአልጋው ጠርዝ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ወጣ አድርጉ። ኮሞዲኖ ካለ ከኮሞዲኖው በላይ በ70 ሳንቲ ሜትር ይሁን እንጂ ከኋላው አይግባ። ሦስተኛው ደብል መስታወት ወይም መተኮሻ ባለበት። ልጆች የሚያጠኑበት ክፍል ከሆነ ከጠረጴዛው በላይ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ደብል ጨምሩ።

9. መታጠቢያ ቤትና ልብስ ማጠቢያ

ከሻወር ወይም ከገንዳ ጠርዝ በ60 ሳንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ሶኬት ክልክል ነው። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ የልብስ ማጠቢያውን ወደ ኩሽና ወይም ወደ በረንዳ አዛውሩት። የቦይለሩ ማብሪያ ማጥፊያ ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ይሁን፤ እርጥብ እጅ እንዳይነካው።

ውሃ ባለበት ሁሉ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ግዴታ ነው። ተራ ብሬከር ሽቦውን እንጂ ሰውን አያድንም፤ እስከ 16 አምፔር ድረስ ዝም ይላል፣ ሰውን የሚገድለው ግን የዚያ እጅግ ትንሽ ክፍልፋይ ነው። አርሲዲ የወጣውንና የተመለሰውን ኃይል እያስተያየ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ከመድረሱ ጋር ይቆርጣል። በእኔ ምክር የቤቱ ሶኬቶች በሙሉ በአርሲዲ ሥር ይሁኑ፤ ወጪው ከማንኛውም የግድግዳ ጌጥ ያንሳል።

10. ውጭ

ይህን የሚረሳው ሰው ብዛቱ ያስገርመኛል። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሆኖ ግቢ ውስጥ ድንኳን ሲጣል መብራቱና ድምፅ ማጉያው በመስኮት በወጣ ገመድ ነው የሚሠራው፤ ዝናብ ከመጣ ገመዱ ጭቃ ውስጥ ይተኛል። ሁለት ውሃ የማያስገባ፣ ክዳን ያለው፣ አይፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ሶኬት አድርጉ፤ አንዱ በረንዳ ላይ፣ አንዱ በግቢው በር በኩል። ከመሬት ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ። ለታንከሩ ፓምፕ ደግሞ የራሱ ሶኬት፣ ከታንከሩ ሥር ሳይሆን ውሃ በማይንጠባጠብበት ጎን።

አንድ ቤት ቆጥረን እንይ

ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ፣ ኮሪደርና ግቢ ያለው ቤት እንውሰድ። ሳሎን 5 (ቴሌቪዥን ጋ ሁለት፣ ሶፋ ጋ ሁለት፣ ቡና ጋ አንድ)፣ ዋናው መኝታ 3፣ የልጆች መኝታ 3፣ ኩሽና 6 (ጠረጴዛ ላይ ሦስት፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ምጣድ)፣ መታጠቢያ 2 (ቦይለርና ልብስ ማጠቢያ)፣ ኮሪደር 1፣ ውጭ 2፣ ፓምፕ 1። ድምሩ 23 ፖይንት ነው። መጀመሪያ ላይ ለዚሁ ቤት የሚገመተው ስምንት ወይም አስር ነው፤ ልዩነቱን ዲቫይደር ይሞላዋል።

11. መስመሮቹን በብሬከር ክፈሉ

ይህን ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉ። ለምሳሌው ቤት እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦

- ምጣድ፦ ባለ 6 ሽቦ፣ 32 አምፔር
- የኤሌክትሪክ ምድጃ፦ ባለ 4 ሽቦ፣ 25 አምፔር (ምድጃው ላይ ከዚህ የሚበልጥ ከተጻፈ ሽቦውም ብሬከሩም ያድጋሉ)
- ባለ ታንክ ቦይለር፦ ባለ 2.5፣ 16 አምፔር
- ልብስ ማጠቢያ፦ ባለ 2.5፣ 16 አምፔር
- ፍሪጅ፦ ባለ 2.5፣ 16 አምፔር
- የኩሽና ጠረጴዛ ሶኬቶች፦ ባለ 2.5፣ 16 አምፔር
- ሳሎንና ኮሪደር፦ ባለ 2.5፣ 16 አምፔር
- ሁለቱ መኝታዎች፦ ባለ 2.5፣ 16 አምፔር
- ውጭና ፓምፕ፦ ባለ 2.5፣ 16 አምፔር

መብራቶቹ በባለ 1.5 ሽቦና በባለ 10 አምፔር ብሬከር ለብቻቸው ሁለት መስመር ይሆናሉ። ሳጥኑ ውስጥ ዋናው ብሬከርና አርሲዲው ሁለት ሁለት ቦታ፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ይወስዳሉ። ሲደመር 15 ነው፤ ስለዚህ ባለ 18 ቦታ ሳጥን ግዙና ሦስቱን ለነገ ተዉ። በአንድ መስመር ላይ ከ8 ፖይንት በላይ ባይሰቀል እመርጣለሁ።

ወደፊት ኢንቨርተር ወይም ሶላር የምታስቡ ከሆነ የራውተሩንና የቴሌቪዥኑን ሶኬት አሁኑኑ ለብቻው በሚቆም መስመር አስቀምጡ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ያቺን መስመርና የመብራቱን መስመር ብቻ ወደ ባትሪ ማዞር ይቻላል።

ቆጣሪያችሁ ስንት እንደሚችልም ጠይቁ። ምጣድ፣ ምድጃና ቦይለር አንድ ላይ ሲሠሩ 7,000 ዋት፣ ማለትም 32 አምፔር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ካልቻለ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማሳደግ ይጠየቃል፣ አለዚያ የምጣድና የቦይለር ሰዓት ይለያያል።

12. ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሳሉ

ኤሌክትሪሺያኑ መቦርቦር ከመጀመሩ በፊት ፕላኑን ይዛችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ። የአልጋውን፣ የሶፋውን፣ የቁም ሳጥኑን ጠርዝ ብሎኬቱ ላይ በጠመኔ አስምሩ። ከዚያ ሶኬቱን አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ሳሉ፤ ከጎኑ «ደብል»፣ «ሲንግል» ወይም «ምጣድ» ብላችሁ ጻፉ።

ከፍታውን ስትለኩ ሊሾና ሴራሚክ ገና እንዳልገባ አስታውሱ። ወለሉ በኋላ 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሊል ይችላል፤ 40 ያላችሁት 30 ሆኖ ይቀራል። ፎርማኑን የተጠናቀቀው ወለል የት እንደሚደርስ ጠይቁና ግድግዳው ላይ አንድ መስመር በውሃ ልክ አስምሩ፤ ሁሉም ከፍታ ከዚያ መስመር ይለካ። ወለል በውሃ በሚታጠብበት ቤት ከ40 ዝቅ ያለ ሶኬት ውሃ ይገባዋል።

ምልክቱ ካለቀ በኋላ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ቀን እየኖራችሁበት ተራመዱ። አልጋው ጋ ቁሙ፣ ምጣዱ ጋ ቁሙ፣ እጃችሁን ዘርጉ። የጎደለው ነገር በዚህች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታያል።

13. ልስን ከመመታቱ በፊት ፎቶ አንሱ

ቱቦዎቹ ተቀብረው ገና ክፍት ሆነው ሳለ እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ነገ መጋረጃ ወይም መደርደሪያ ለመስቀል ስትበሱ ሽቦው የት እንዳለ የምታውቁት በዚህ ፎቶ ነው። ቱቦ በቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሂድ እንጂ በሰያፍ አይቀበር፤ በሰያፍ የሄደ መስመር የት እንዳለ በኋላ ማንም አይገምተውም።

14. ስትረከቡ ፈትሹ

እያንዳንዱ ሶኬት በባለሙያ ይለካ፤ ፌዝና ኒውትራል መካከል 220 አካባቢ፣ ፌዝና ኧርዝ መካከልም እንዲሁ መታየት አለበት። ኧርዝ ያለው የሚመስል ሶኬት ብዙ ጊዜ ከኋላው አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ አልታሰረም፤ ሳይለካ አትመኑ። የአርሲዲውን «ቴስት» ቁልፍ ተጫኑ፤ ወዲያው መውረድ አለበት፤ ከዚያ በኋላም በየወሩ ሞክሩት። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ የትኛው የትኛውን እንደሚያጠፋ በአማርኛ ጽፋችሁ ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የአንዱ ክፍል ሶኬት ከኋላው ካለው ክፍል ሶኬት ጋር ጀርባ ለጀርባ ይገጠማል። ሽቦ ይቆጥባል፤ ብሎኬቱ ግን በሁለት በኩል ስለሚቦረቦር ይሰበራል፣ ድምፅም ያሳልፋል። ቢያንስ በ15 ሳንቲ ሜትር አራርቋቸው።

ኮርኒስ ውስጥ በቴፕ ብቻ የታሰረ ሽቦ። ማንኛውም መጋጠሚያ ሳጥን ውስጥ፣ በመጋጠሚያ ታስሮ፣ ሊከፈት በሚችል ቦታ ይሁን።

ርካሽ ሶኬት። የውስጡ ነሐስ ቀጭን ከሆነ በጥቂት ወር ይላላል፣ የላላ ደግሞ ይግላል። ሱቅ ላይ ፕላግ ሰክታችሁ ንቀሉ፤ ያለ ጉልበት የሚወጣውን አትግዙ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ቀዳዳው ውስጥ መዝጊያ ያለውን ምረጡ።

ከውጭ የመጣ ዕቃ። ከዱባይ የሚመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ሹል ፕላግ ነው፤ ቮልቴጁ ለእኛ ይስማማል፣ ፕላጉ ግን አይገባም። በላላ አስማሚ ከማቆየት ባለሙያ ኧርዙን ጠብቆ ፕላጉን ይቀይር። ከአሜሪካ የመጣው ሌላ ነው። ላዩ ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ እኛ ሶኬት ላይ በሰካችሁት ቅጽበት ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ይሠራል።

ቤቱ አልቆ ለተረከባችሁ

ያለቀ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁም ደረጃ 1 እስከ 4 ያለውን ሥሩ። የሚጨመረው ሶኬት ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ፕላስቲክ ትራንኪንግ ውስጥ መሄድ ይችላል፤ ኮርኒስና የበር ጠርዝ እየተከተለ ሲሄድ ብዙም አይታይም። የኮንክሪት አምድና ቢም ግን አይቦርቦር፤ ሕንፃውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከምጣዱ መስመር ጀምሩ፣ ቀጥሎ አርሲዲ፣ ከዚያ የሳሎኑን ሶኬቶች።